የትኞቹ ሁለት?

መንደር መንደር ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ቄስ፣ ሱቅና የጥይት አዋቂ። በእኛ በኪቪላምፒ ቄሱ ወደ ከተማ ከተዛወሩ ቆይተዋል፤ ሱቁም ከተዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የጥይት አዋቂው ግን አለ። እዚህ ሰሜን ፊንላንድ ውስጥ ጫካ ባለበት ሁሉ እንደሱ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የነዳጅ ማደያው ቡና ቤት ጥግ ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይቀመጣል፤ ስለ አየሩ ብትጠይቁት ስለ አረር ክብደት ይመልስላችኋል።

የኛው አውሊስ ሄይኩራ ይባላል። እኔ ግን ለማዕረጉ ስል ክቡር የጥይት ሚኒስትር እለዋለሁ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል፤ በዚያ አውቶቡስ የተመላለሰ የመንደራችን ሰው ሁሉ ማባዛት ሳይማር በፊት አንድ ጥይት በሁለት መቶ ሜትር ስንት ጣት ዝቅ እንደሚል አውቋል።

ክቡርነቱ አንድ ሃይማኖት አለው። «ለአንድ አዳኝ ሁለት ጠመንጃ ይበቃዋል» ይላል። ከዚያ ጣቱን ያነሳል። ያኔ የሚቀጥለውን ሁላችንም በልባችን አብረነው እንላለን፤ «ግን የትኞቹ ሁለት?»

ሐሳቡ ሲሰሙት እንከን የለውም። አንደኛው ቀለል ያለ ይሁን፤ በጥር ብርድ ጥድ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የዱር አውራ ዶሮን ከሩቅ የሚያወርድ፣ ሥጋውንም የማያበላሽ። ሁለተኛው ከበድ ይበል፤ በጥቅምት ጉም ውስጥ በሬ የሚያክለው አጋዘናችን ድንገት ብቅ ሲል፣ ይባስ ብሎም ድብ ሲመጣ የማያሳፍር። በመካከል ያለውን ሁለቱ ይከፋፈሉታል። ችግሩ የሚጀምረው የጠመንጃዎቹ ስም፣ ማለትም የአፈሙዛቸው ስፋት ቁጥር፣ ሲጠራ ነው። ስድስት ተኩሉን ከዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ ጋር ያጣምርና ፊቱ ይበራል፤ ወዲያው ደግሞ «ግን ለቀበሮ...» ይልና ጋብቻውን ያፈርሰዋል። ሦስት ዜሮ ስምንት ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፤ በዚህ ዓይነት ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏል። ሁለት ይበቃል የሚለው ሰው ራሱ ሰባት ጠመንጃ አለው።

በጤና ጣቢያው ነርስ የሆነችው ቱይያ የአደን ክለባችን ውስጥ እንደገባች የሠራችውን ስህተት እስካሁን ትስቅበታለች። «አውሊስ፣ አንድ ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችው።

«አንድ?» አላት እንደ ማዘን ብሎ። «አንድ ማለት እኮ የጥንድ ግማሽ ማለት ነው።»

በመጀመሪያው ሳምንት አራት ሠንጠረዥ ሠርቶ አመጣላት፤ በሁለተኛው ሳምንት አራቱንም ሰርዞ ስድስት አመጣ። ቱይያ አገባች፣ ቤት ሠራች፣ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ የክቡርነቱ ምክር ገና አላለቀም ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ሳትነግረው ከተማ ሄዳ ባለ ሦስት ዜሮ ስምንቱን ገዝታ መጣች። አውሊስ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አለ። መንደሩ የታመመ መስሎት ሾርባ ላከለት።

በጎረቤታችን በታኡኖ ቀብር ላይ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከምነው ስድስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ሳጥኑን ወደ ጉድጓዱ ስናወርድ ጆሮዬ ስር «ነፍሱን ይማር፤ ሲተኩስ የኖረው በሦስት ዜሮ ስድስት ነው» አለኝ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ግን ለዚህ ጫካ ይበዛበት ነበር» ሲል ጨመረ። ሳውና በሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥም ቢሆን አያርፍም። ራቁቱን ተቀምጦ፣ ሰው ገላውን በሚመታበት የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ የጥይትን መንገድ አየር ላይ እየሣለ፣ እኛ በእንፋሎቱ ስንቀቀል እሱ ስለ ንፋስ ያስረዳል።

ሬዲዮው ደግሞ አለ። በአደን ቀን እያንዳንዳችን የእጅ ሬዲዮ ይዘን በየቦታችን ጫካ ውስጥ እንቀመጣለን። የሬዲዮው ደንብ አንድ ቃል ነው፤ «መጣ»፣ «አለፈ»፣ «ወደቀ»። አውሊስ ግን ትምህርት ይሰጥበታል። እሱ ሲጀምር እኔ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጥቁር ዳቦዬን እበላለሁ።

ለዓመታት የከነከነኝ ግን ወሬው አልነበረም። ይህ ሰው ቢገደድ ለራሱ የትኞቹን ሁለት ይመርጥ ይሆን? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ «እየደረስኩበት ነው» ነው።

ክቡርነቱ «ግን» ሳይል የሚመልሰው ጥያቄ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። አጋዘን ከታረደ በኋላ ሥጋውን በክለቡ መጋዘን ረጅም ጠረጴዛ ላይ እኩል እኩል እንመድባለን። አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጀርባውን ይሰጣል። ሌላው አንዱን መደብ በጣቱ ነክቶ «ይሄስ የማን?» ይላል። ጀርባውን የሰጠው ሳያይ ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም የለም፣ ጀርባ የሰጠ ሰው ቃልም አይታጠፍም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባውን የሰጠን አውሊስ ነው። «ይሄስ የማን?» ሲሉት «የሬይዮ!» ይላል፣ ሳይተነፍስ። ዓይኑ ካላየ ይወስናል።

ዘንድሮ ነገሩ ከረር አለ። የባለቤቱ የሂልካ ጉልበት ደረጃ አልወጣም ስላለ፣ ቤታቸውን ሸጠው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወደ አንዲት ትንሽ ቤት ሊገቡ ሆነ። የአዲሱን ቤት ቁም ሳጥን በሜትር የለካችው ሂልካ ናት። ሂልካ ነሐሴ ላይ አንድ ነገር እንዳልናገር አስምላኛለችና ስለ እሷ ብዙ ማለት አልችልም፤ ቀጥተኛ ሴት መሆኗን ብቻ ልናገር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ይበቃል ስትል ሰምቼሃለሁ» አለችው። «ቁም ሳጥኑ ሁለት ይይዛል። ምረጥ።»

«ግን የትኞቹ...»

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለህ። ካልመረጥክ ሰኞ ሰባቱንም ከተማ ወስጄ ለጠመንጃ ሱቁ እሰጣቸዋለሁ።»

ሂልካ አደርጋለሁ ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውሊስ ወረቀቶቹን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ከስቷል። ሠንጠረዦቹን ይዘረጋል ብዬ ስጠብቅ አልዘረጋም።

«ኦስሞ፣ እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ።

«ምን ታስባለህ? ሰባቱም ጥሩ ናቸው ትል የለ? ዓይንህን ጨፍንና ሁለት አንሳ።»

«ሰባ አራት ዓመቴ ነው እኮ። ድሮ ብሳሳት ለከርሞ አርመዋለሁ እል ነበር። አሁን ብሳሳት ከስህተቴ ጋር ነው የምቀበረው።»

ይህን ሲል አልሳቅሁም። ስንት ዓመት ሳሾፍበት የኖርኩት ሰው ለካ ከልቡ ይፈራ ነበር። ቡና ቀዳሁለት፤ ጠጣና ሳይመርጥ ሄደ።

ቅዳሜ የአደን መሪያችን ሬይዮ ከምሳ በፊት አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ጣለ። ሥጋው ተከፋፍሎ፣ ጠረጴዛው ታጥቦ ሳይደርቅ ሂልካ ደረሰች። ለኛ የሠራችውን የአተር ሾርባ ድስት አስቀመጠችና ተመልሳ ሰባቱን ጠመንጃዎች ከመኪናዋ እያወረደች ደረደረቻቸው።

«መረጥክ?»

«ሂልካ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ...»

«አልመረጠም» አለችን፣ ወደኛ ዞራ።

ሬይዮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ እንደ ሥጋው እናድርገው። ሁለቱ ከናንተ ጋር ይቀሩ፣ አምስቱ ለኛና ለሱቁ ይሁኑ፤ የፖሊስ ፈቃዱን ኋላ እንጨርሳለን። አውሊስ፣ በል እንደ ልማድህ ጀርባህን ስጥ።»

«እኔ አልችልም» አለ አውሊስ። «ሰደፉ ጠረጴዛ ሲነካ ብቻ የቱ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ማጭበርበር ይሆንብኛል።»

«ባክህ ተው!» አለች ቱይያ። ወደ ግድግዳ አዞረችውና አንዱን አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«ሦስት ዜሮ ስድስቱ ነው» አለ ሳይዞር። «ማንገቻው ላልቷል፤ ሰው ያጥብቀው።»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። «እንግዲያው እኔ ጀርባዬን እሰጣለሁ» አለች ሂልካ። «ለኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ሁሉም አቧራ ይስባሉ።» ሄዳ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቆመች።

አውሊስ ባዶነታቸውን አንድ በአንድ ፈተሸና ጣቱን የመጀመሪያው ላይ አሳረፈ።

«ይሄስ የማን?»

«የሱቁ።»

ወደ ቀጣዩ አለፈ። «ይሄስ የማን?»

«የኦስሞ።»

ሦስተኛው ለክለቡ ሄደ። አራተኛው ላይ እጁን አሳርፎ ቆየ። ሲጠይቅ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ይሄስ... ይሄስ የማን?»

«የአውሊስ።»

ያ ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ ነበር፤ አውሊስ በረጅሙ ተነፈሰ። አምስተኛው ለሱቁ፣ ስድስተኛው ለሬይዮ ሆነ። የቀረው ስድስት ተኩሉ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው፣ ሰደፉ ጉንጩን ካስደገፈበት ብዛት የወዛ ነው፤ የሌላ ሰው ስም እንዳይጠራበት ፈርቶ ለመጨረሻ ያቆየው እሱ ነበር። አምስቱ ለሌላ ስለሄዱ የሱ መሆኑ የታወቀ ነውና መጠየቁ ትርፍ ነበር፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው።

«ይሄስ የማን?» አለ፣ በዚያው በቀጭን ድምፅ።

«የሂልካ።»

በመንደሩ ከእሷ ሌላ ሂልካ የለም። እሷም ፊቷን አዞረችና ከካፖርቷ ኪስ አንዲት ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ጫማዬን መመልከት ጀመርኩ፤ ካርዱ ላይ ያለው የፈታኝ ፊርማ የኔ ነውና።

«ነሐሴ ላይ የተኩስ ፈተናውን ወስጃለሁ» አለች። «አራት ተኩሼ አራቱም ገብተዋል። በቱይያ ጠመንጃ ነው፤ ትከሻዬን ሲደበድበኝ ከረመ።»

አውሊስ ቱይያን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «ለኔ ሳትነግሩኝ? ስለ ጠመንጃ ነገር እኔን ሳትጠይቁ?»

«አንተን መጠየቅስ አምሮኝ ነበር፤ ዕድሜዬ አይበቃም ብዬ ነው እንጂ» አለች ሂልካ። ሁሉም ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። «ስማኝ አውሊስ። ይሄን ሁሉ ዓመት ለአንድ ሰው ሁለት ጠመንጃ ስትፈልግ ኖርክ። እኛ እኮ ሁለት ነን። አዲሱ ቤት ገብቼ አንተ ከጫካ እስክትመለስ በመስኮት ስመለከት አልውልም። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም አለ እንጂ መቀመጥ አላቃተውም፤ አደን ደግሞ መቀመጥ ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ዕጣው ይቅር። ከሁለቱ ለኔ የሚሻለኝ የቱ ነው?»

«ስድስት ተኩሉ» አለ አውሊስ።

ሁላችንም ጠበቅን። ሬይዮ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። «ግን» አልመጣም። አውሊስ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛውን ጠመንጃ አነሳና በሁለት እጁ ሰጣት።

«እሱ ትከሻሽን አይመታሽም» አለ ቀስ ብሎ።

ኋላ ድስቱን ሳግዛት ሂልካን ጠየቅኋት፤ ሁለቱ እንደዚያ መውጣታቸው ዕድል ነው? ሳቀች። «ጀርባዬን ሰጠሁ እንጂ ጆሮዬን አልሰጠሁም። የሚወደውን ሲነካ ድምፁ ይቀጥናል። ታገቢኛለሽ ወይ ሲለኝም እንደዛው ነበር።»

የፖሊሱ ፈቃድ በኅዳር መጨረሻ መጣ። በረዶው ጉልበት ደርሶ ስለነበር ሁለቱን እስከ ዘጠነኛው የአደን መጠበቂያ ቦታ በመኪና አድርሰን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠን ወደየቦታችን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ስጋት ይዞኝ ነበር። ጥያቄው ከተመለሰለት በኋላ ይህ ሰው ስለ ምን ያወራ ይሆን እያልኩ ነው የተቀመጥኩት። አራት ሰዓት ገደማ ከወደ ዘጠነኛው ቦታ አንድ ጥይት ጮኸ። ሬዲዮው ተንጫጫና ሂልካ እንደ ደንቡ አንድ ቃል ተናገረች፤ «ወደቀ።» ልትዘጋው ስትል ከጎኗ ሌላ ድምፅ ገባ፤ እንደ ልጅ ድምፅ የቀጠነ።

«በጣም ጥሩ ነው የተኮስሽው ሂልካዬ። ግን አረሩ አንድ ግራም ቢጨምር ኖሮ...»

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ሬዲዮው ሄደ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።