በአክስቴ ስልክ ላይ ያኖርኩት ዘበኛ

ሰው ከሌባ ለመጠበቅ የሚደክመውን ያህል ከራሱ ብልጠት ለመጠበቅ ቢደክም ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ! ሌላውን መውቀሴ አይደለም፤ ከእኔ ይጀመር።

ቆቦ ተቀምጬ ኮድ እጽፋለሁ። ከምጽፈው ውስጥ ክፍት ኮድ የሚባል አለ፤ ዓለም ሁሉ የሚያየው፣ የፈለገ የሚያርመው፣ ማንም የማይከፍልበት። ንፍሮ እንኳ የማይቀርብበት ደቦ በሉት። ድምፅ ቀድተው የሚያስቀምጡ መተግበሪያዎች የሚገለገሉበትን አንዱን ላይብረሪ፣ ማለት መተግበሪያዎች ሁሉ እየተዋሱ የሚሠሩበትን የኮድ ጓዳ፣ የምናርመው እንዲህ ተባብረን ነው። ድሮ የተቀዳው ድምፅ የሚከፈተው በምስጢር ቁጥር ነበር። እኔ ግን በዚህ ዘመን ቁጥር ማንን ያስፈራል ብዬ፣ የየስልኩን ዓይነት የጣት አሻራ መክፈቻ እንዲቀበል አድርጌ ጻፍኩና ቁጥሩን አሰናበትኩት። በዚያ ላይ አንድ ጥበብ ጨመርኩ፤ ስልኩ ላይ አዲስ ጣት ከተመዘገበ ቁልፉ ራሱን ያጠፋል። ሌባ የራሱን ጣት አስመዝግቦ እንዳይገባ ነዋ! ባሕር ማዶ ያሉት የደቦ ጓደኞቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

አክስቴ ዘምዘም ደግሞ ባሏ ጋሽ ይመር ካረፈ ወዲህ ድምፁን የምታገኘው በስልኳ ብቻ ነው። ልጇ ሐያት ናት የቀዳችው፤ ለማሽላው አዝመራ ዱዓ ሲያደርግ፣ ወዲያው ደግሞ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ሚስቱን ሲቆጣ። አክስቴ፣ አስተግፊሩላህ እያለች፣ ከዱዓው ይልቅ ቁጣውን ደጋግማ ትሰማ ነበር።

እኛ ዘንድ አዲስ ስልክ ሲገዛ ጣቱን የሚያስመዘግበው ባለስልኩ አይደለም፤ የሚያውቅበት ሰው ነው። የአክስቴም ስልክ የሚያውቀው የሐያትን ጣት ነው። ሐያት ድምፁ ያለበትን መተግበሪያ፣ እኔ ያረምኩትን ላይብረሪ የሚገለገለውን፣ አድሳ፣ ጣቷን አስነክታ፣ ሳዑዲ ሄደች። ይህን ልማዳችንን የቆቦ ልጅ ሆኜ አጣሁት? አላጣሁትም። ኮዱን ስጽፍ ግን በልቤ የነበረው የባሕር ማዶ ሰው ነው።

አክስቴ ድሮ የምትከፍትበትን ቁጥር ብትመታ ብትመታ እምቢ ሲላት ከገበያ መልስ እኔ ዘንድ መጣች። ምን ችግር አለው፣ ያንቺን ጣት እናስገባለታለን አልኳት። ያቀረብኩላትን የጎረሰችበትን እጇን በልብሷ ጠርጋ አውራ ጣቷን ሰጠችኝ፤ አስመዘገብኩት። መተግበሪያውን ስከፍት፣ አዲስ ጣት ስለገባ ቁልፉ ጠፍቷል፣ የተቀዳው ከእንግዲህ አይከፈትም አለኝ። ያን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔው ነኝ! በጥድፊያ የገዛ ጥበቤን ረሳሁት። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷስ የምትለቅመው አላት።

በማግስቱ ቁጥሩን ወደ ላይብረሪው መለስኩት። ለሌላው ይጠቅም ይሆናል፤ ለአክስቴ አይጠቅምም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዚያን ዕለት ግን ዝም ማለት ሲገባኝ ማስረዳት ጀመርኩ። እንዲህ የሆነው የጋሽ ይመርን ድምፅ ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ ነው አልኳት።

አክስቴ ስልኩን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና ሳትቆጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ሌባ ወስዶት ቢሆን እኮ ሽማግሌ ልኬ አስመልሰው ነበር።»