ይመር የፈረመበት ንባብ

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ ይመር እንድሪስ በሕልሙ ያላየው ጉድ የለም። ከነቃ በኋላ «የቀን ሕልም ምን ፍቺ አለው» እያለ ራሱን ሊያጽናና ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ግን ምን አሳስቦት እንደተኛ ልንገራችሁ።

ይመር ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ልጁ ነጃት ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ዓመቱ ሲጀመር ለየወላጁ አንድ አንድ ደብተር ሰጠ። በየገጹ ሰባት መስመር አለ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። መስመሩ «ልጄ ዛሬ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ ስታነብ አዳምጫለሁ» ይላል፤ ከጎኑ የፊርማ ቦታ ተትቷል። ይመር ለመፈረም ሰንፎ አያውቅም። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቁጭ ይልና የሚመጣውን ሳምንት ሰባቱንም ባንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ያልሆነለት ማዳመጡ ነው። ማታ ከሥራ ሲመጣ ጆሮው በረዳት ጩኸት ደንቁሮ ነው የሚመጣው፤ ልጅቷ መጽሐፍ ይዛ ስትጠጋው «ነገ» ይላታል። ነገ ደግሞ የራሱ ነገ አለው። እናቷ ዘሃራ ፊደል ስላልቆጠረች የንባቡን ነገር ለአባትየው ትታለች።

በዚህ እሑድ ደብተሩ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተነሡ በወላጆቻቸው ፊት እንደሚያነቡ፣ ማንበብ ያልቻለ ልጅም ወደ አንደኛ ክፍል እንደሚመለስ ይናገራል። ይመር ውሃ ሆነ። ልጁ ታንብብ አታንብብ አያውቅም። ስታነብ ሰምቻለሁ ብሎ ግን በዘጠኝ ሳምንት ስልሳ ሦስት ጊዜ ፈርሟል። ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ሲገባው የለመደውን አደረገ፤ የሳምንቱን መፈረም ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ መናኸሪያው ነበር። ሰዎቹ አስፋልቱ ላይ በመስመር ተገትረዋል፤ ሚኒባሶቹ በመሃላቸው እየተንጎራደዱ ይመርጣሉ። አንድ ነጭ ሚኒባስ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ፊት ቆመና ከላይ እስከ ታች አያት።

«እርስዎ ሞልተዋል። የሚቀጥለውን ሰው እጠብቃለሁ» አላትና አለፈ።

የይመርን ሰማያዊ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊሽካውን ባንገቱ አንጠልጥሎ ተራ የሚያስከብረው አህያ ነበር። ሥራውን ያውቀዋል። ይመር በውስጡ ከኔ ይሻላል እንዴ ብሎ ቅር አለው።

«መጣሁ፤ ቦታዬን ልቀቅልኝ» አለው።

«አንተ ተማሪ ነህ» አለ አህያው። «ደወሉ ተደውሏል። ሂድ፣ ሥራ አታስፈታኝ።»

ይመር ወደ ታች ቢያይ ቁምጣ ለብሷል። የቁምጣው ቂጥ ላይ ሁለት እራፊ ተጥፎበታል። በብብቱ ያ ደብተር አለ። ልከራከር ብሎ አፉን ሲከፍት መናኸሪያው የለም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ክፍሉ በትልልቅ ሰዎች ተጨናንቋል። ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ በሕፃናት ዴስክ ላይ ታጭቀዋል። ከይመር በስተቀኝ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ከነክራባቱ ቁጭ ብሎ ይነፋረቃል፤ ላጲሱን ሰርቀውታል። በስተግራው የጤና ጣቢያው ዶክተር አለ። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የቆመው መምህር ደግሞ የጎረቤት ልጅ ፉአድ ነበር። ፉአድ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ያባቱን ኮት ለብሶ እጅጌው መሬት ይጠርጋል።

«የቤት ሥራ» አለ መምህር ፉአድ። «ዶክተር፣ ተነሥ። ትናንት የጻፍከውን የመድኃኒት ማዘዣ አንብብልን።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። ላብ አጠመቀው።

«ይኼ የኔ ጽሑፍ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

«ፊርማውስ?»

«ፊርማው የኔ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይመርም ከሰው ጋር ሳቀ። ወዲያው በብብቱ ያለው ደብተር ትዝ ሲለው ሳቁን ትቶ ደብተሩን በክንዱ ጠበቅ አደረገው።

«ይመር እንድሪስ፤ ገጽ አሥራ ሁለት» አለ መምህሩ።

ይመር ዴስኩ ላይ ያገኘውን መጽሐፍ ገለጠ። ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ጎረቤቶቹን አየ፤ ርእሰ መምህሩ መጽሐፉን በክንዱ ከለለበት። መምህር ፉአድ በጣቱ በሩን አሳየው፤ ይመርም ወጣ፤ በሩ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚከፈተው። መደርደሪያው ጭር ብሏል። ከባንኮኒው ጀርባ መነጽር ያደረገች ጥቁር ፍየል ታመሰኳለች።

«ገጽ አሥራ ሁለትን ፈልጌ ነበር» አላት።

«እሷን ዛሬ ጠዋት በላኋት።»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«እሱን ትናንት ነው የበላሁት። ጨው ይጎድለዋል» አለች ፍየሏ። ከዚያ አዘነችለት መሰለኝ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣችና ጎኗን ሰጠችው። «ማንበብ እንኳ አይሆንልህም። አንተ ግን አዳማጭ ነህ፤ ስልሳ ሦስት ጊዜ ማዳመጥህ ተጽፏል። ጆሮህን አስጠጋ።»

ይመር ተንበርክኮ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ የሰማው የሆድ መንቦጫቦጭ ነበር። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ አንዲት ልጅ ስታነብ ሰማ። ድምፁን ለየው፤ የነጃት ነው። እየነጠቀች፣ እየተንደረደረች፣ አልፎ አልፎ ትንፋሿን እየሳበች ታነባለች። ቃሉን ግን ሊይዘው አልቻለም። ሌላኛውን ጆሮውን አደረገ፤ ያው ነው።

«እባክሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው በያት» አለ። «ወይም ትድገመው።»

«የተፈረመበት አይደገምም» አለች ፍየሏ፤ መነጽሯን አውልቃ ወደ ባንኮኒው ጀርባ ተመለሰችና መስኮቱን ዘጋችበት።

ሲዞር ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ሕፃናቱ ሁሉ ወንበር ላይ ተሰይመው፣ እግራቸው መሬት ሳይደርስ፣ እጃቸውን አጣምረው ያዩታል። ይመር ማንበብ የማይችል ሰው አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፤ የመኪና ታርጋ ከሩቅ ለይቶ ሾፌሩን በስም የሚጠራ ሰው ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎች ግን ተራ አልጠበቁም። ጨ ከኋላ መጥታ ሀን በክርኗ ገፍታ ፊት ቆመች። ረ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስራለች። በ ደግሞ ዕቃ ጭኛለሁ ብላ ሁለት ቦታ ይዛለች። ይህማ የኔ ሥራ ነው ብሎ ፊሽካውን ቢፈልግ ፊሽካው አህያው ዘንድ ነው። የግዱን አፉን ከፈተ።

«ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው የቀረው» አለ።

ሕፃናቱ አልሳቁም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር ጻፉ። ይመር የዚያን ጊዜ ነው የፈራው።

«ልጅህን አምጣ» አለ መምህር ፉአድ። «ያለ ልጅህ እዚህ ክፍል እንዳትገባ።»

እኛ አገር ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ መንገዱ ሁሉ ይረዝምበታል። ልጅ አምጣ የተባለ ወላጅም እንደዚያው ነው። ይመር ሄደ፣ ሄደ፣ የቤቱ በር በተራመደ ቁጥር አንድ እርምጃ ይርቃል። በስተመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ቢራመድ ደረሰ። ነጃት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። የእናቷን ሻሽ አስራለች፤ ድካም ፊቷ ላይ ይታያል። እስክሪብቶ ይዛ ትጽፋለች።

«ነጃት፣ ልጅህን አምጣ ብለውኛል። ተነሽ እንሂድ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ማንበብ አቅቶኛል» አላት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ለልጁ ሲናገር ደግሞ አፉ መረረው።

«ነገ» አለችው።

ጠጋ ብሎ የምትጽፈውን አየ። እየፈረመች ነው። መስመሩ «አባቴ ዛሬ ማታ ሲያነብ አዳምጫለሁ» ይላል።

«ገና አላነበብኩም እኮ።»

«ግድ የለህም። የሳምንቱን ጨርሼልሃለሁ።»

«አንዴ ብቻ ስሚኝ፣ እናቴ። አንድ መስመር።»

«ሰምቼሃለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ተመልከት፣ ፊርማዬ አለ።»

ሊያነብላት መጽሐፉን ገለጠ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ጮኸ፤ ድምፅ የለም። እጇን ሊይዝ ሲዘረጋ ነቃ።

እስክሪብቶው ሦስተኛው ፊርማ ላይ አምልጦት ገጹን እስከ እሑድ መስመር ድረስ በቀለም ሰንጥቆታል። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። ነጃት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ይዛለች፤ ዘሃራ በሩ አጠገብ ምስር ትለቅማለች።

«ነይ እስኪ አንብቢልኝ» አለ ይመር። ድምፁ ገና አልተስተካከለም።

ልጅቷ ቆም ብላ አየችው። «ፈርመህ የለም እንዴ፣ አባ?»

«ፈርሜም ቢሆን።»

መጽሐፉን ተቀብሎ ገለጠና ፊቷ ዘረጋላት። ነጃት መጽሐፉን አዞረችው፤ ጣቷን አስቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። ስለ አንዲት ጥጃና ስለ ወንዝ ነው። አትንተባተብም፤ ነጥቡ ላይ ታርፋለች፤ ጥያቄው ላይ ድምፅዋን ታነሣለች። ይመር አልሐምዱሊላህ አለ በሆዱ። ተመስገን ብሎ ሳይጨርስ ግን ዐይኑ ሥዕሉ ላይ ወደቀ። ጥጃዋ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላለች። የልጅቷ ጣት ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ላይ ይወጣል።

በቃሏ ሸምድዳው ነው ብሎ ደነገጠ። ከመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ገና ያልተማሩትን ገጽ አወጣላት። እሱንም ገለበጠችና አነበበችው። ታነባለች፤ ጥርጥር የለውም። ይመር መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ አቃናው። የልጅቷ ጣት መነሻ አጣ። ፊደል አይታ የማታውቅ መሰለች።

«ይኼማ ተገልብጧል» አለችው።

«ማነው እንደዚህ ያስተማረሽ?»

«ማንም። መጽሐፉ ለአራት አንድ ነው፤ ወደ ቤት በተራ ነው የምንወስደው። ሰልማንና ቤዛ ከወዲያ፣ እኔና ኢክራም ከወዲህ ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። መጽሐፉ ወደነሱ ነው የሚዞረው፤ ሰልማን የቡድን መሪ ነው።»

«ሰሌዳውስ?»

«ሰሌዳው ከጀርባዬ ነው። ዞር ስል ቲቸር ፊትሽን መልሺ ትለኛለች።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «አምናም እዚያው ነበርኩ። ኢክራምም እንደኔ ናት፤ እሷ እንዲያውም ትፈጥናለች።»

ይመር ወደ ሚስቱ ዞረ። ዘሃራ የምስሩን ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«እኔ ስታነብ ድምፅዋ ደስ ይለኛል» አለች። «መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚያዝ በምን አውቄ።»

እሷ ሰምታለች። አንድ ማታ፣ አንዲት ማታ ብቻ ከጎኗ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ሕፃን እንኳ የሚያየውን ነገር ያየው ነበር። ፊቱ እስኪቀላ አፈረ፤ ከሁለቱም ዐይኑን አሸሸ።

«አባ፣ ነገ መጽሐፉን ማዞር ይፈቀዳል?» አለች ነጃት።

«አላውቅም» አላት። እውነቱን ነው፤ አያውቅም። የሚያውቀው የነገ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንደማይዘገይ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያይ፣ ልጆች ደግሞ ሲስቁ ምሕረት እንደሌላቸው ነው።

ምንጣፉ ላይ ወርዶ ከጎኗ ተቀመጠ። መጽሐፉን እሷ እንደለመደችው አስቀመጠና አስጀመራት። ጥጃዋ ወንዝ ስትደርስ መጽሐፉን አንድ ጣት ያህል አዞረው። ነጃት አንገቷን አዘንብላ ተከተለችው። ሌላ አንድ ጣት አዞረ። ተንገዳገደች፣ ቃሉን ደገመችው፣ ያዘችው። ሌላ ሲያዞር ጠፋባት፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። መለሰላት፣ ጠበቃት፣ ከመጀመሪያው አስጀመራት። ዘሃራ ምስሩን ትታ መጣችና በወዲያኛው ጎን ተቀመጠች። የአስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ሰግደው ተመለሱ፤ እንደገና ጀመሩ። ጀምበር ስትጠልቅ መጽሐፉ ገና በጎኑ ነበር።