ፈረስ ወይስ ጻድቅ

በደባርቅ ፈረስ የሌለው ሰው ሞልቷል፤ ፈረስ አላውቅም የሚል ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም። ከእነዚህ አዋቂዎች ሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤቴ ጋሽ ቴዎፍሎስ አሉ። እኔ በልቤ ሊቀ አፍራስ የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ። በሰፈራችን ፈረስ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እሳቸውን ሳያስከትል አይሄድም፤ እሳቸውን አስከትሎ ፈረስ ገዝቶ የተመለሰ ግን አላየሁም።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ጾሙ ሳይገባ አምባራስ የሚባል መንደር ልትዳር ነው። እናቴ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጉልበቷ ደክሟል፤ መኪና ደግሞ ገና ሞተሩ ሲነሳ ያስመልሳታል። ያለ ፈረስ ሠርጉ ቀረባት ማለት ነው። "እህቴ ልጇን ስትድር ካልቆምኩላት ምኑን እህት ሆንኩት!" አለችኝ።

ዳባት ውስጥ ባሽር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ዳማ ፈረሱን ሊሸጥ ነው ሲሉ ሰማሁ። ልደውልለት ስል ጋሽ ቴዎፍሎስ እጄን ያዙኝ።

"ሐሙስ እንመጣለን በለውና ረቡዕ እንሂድ። ሻጭ ቀኑን ካወቀ ፈረሱን የጠላ አተላ ይግተዋል። ሞቅ ያለው ፈረስ ደግሞ ጉዱን አያሳይህም።"

"ጋሼ፣ ባሽር እኮ ሙስሊም ነው። እቤቱ ጠላ አይጠመቅም!"

"ጎረቤት የለውም?"

ረቡዕ ሄድን። ፈረሱ የለም፤ እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ሄዷል። ሐሙስ ተመልሰን ስንሄድ ባሽር ፈረሱን አጥቦ፣ አበጥሮ በሩ ላይ ይጠብቀናል። ሊቀ አፍራስ የፈረሱን አፍ ከፍተው ደጋግመው አሸተቱ። ከዚያ እኔን "ፊት ፊቱ ሂድ" ብለው እርምጃውን መረመሩ፤ የእኔንም አብረው መረመሩ።

"አንተም ቀኝ እግርህን ትጎትታለህ" አሉኝ። ቀጥለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "በቀጠሮው የተገኘ ሻጭ የሆነ ነገር አለው። አንተ ያየኸው ፈረስ ነው፤ እኔ ያየሁት ነገር ነው።"

ባሽር ሻይ ጋብዞ ሸኘን።

ቀጥሎ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ወደሚኖረው ወልደ ገብርኤል ሄድን። ነጭ ፈረሱ በግ ነው፣ ሕፃን ቢጋልበው አይደነግጥም። ጋሽ ቴዎፍሎስ ግን አንገቱ ላይ ያለችውን የጸጉር አዙሪት ሲያዩ አማተቡ።

"ይቺ ምልክት የጋላቢውን የትዳር ጓደኛ ትበላለች።"

"ጋሼ፣ አባቴ ከሞተ እኮ ቆየ!"

"እንግዲያ ተራው የማን ይመስልሃል?"

ሠርጉ ደረሰ፤ ፈረስ የለም። አንድ ማታ ቤት ስገባ እናቴ ለሠርጉ ያሰፋችውን ቀሚስ በነጠላ ቋጥራ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ለመሆኑ ፈረስ ነው የምትፈልጉልኝ ወይስ ጻድቅ?" ብላኝ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሰውየውን ከልቤ ረገምኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ቴዎፍሎስ ከጓሯቸው አውጥተው ለሰው አሳይተውት የማያውቁትን የራሳቸውን ፈረስ ጭነው ቆመዋል። ፈረሱን ሳየው ደነገጥኩ። ያስለዋል። የፊት እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። አንገቱ ላይ ያቺው አዙሪት ጉብ ብላለች።

"ጋሼ፣ አዙሪቷ!"

"አይቻታለሁ።"

"ጥርሱስ?"

"የቱ ጥርሱ?"

"ታዲያ እንዴት ገዙት?"

የፈረሱን ጆሮ አሻሹ። "አስቀድሜ ብመረምረው መች እገዛው ነበር! ወድጄው ነው እንጂ።"

እናቴን አስቀምጠው፣ ልጓሙን ይዘው እስከ አምባራስ በእግራቸው መሯት። እኔ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ ከኋላ ተከተልኩ። መንገድ አድረን ሠርጉ ላይ ደረስን። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም አላስቻለኝም፤ ጋሽ ቴዎፍሎስ ግን የሙሽራውን በቅሎ ጥርስ እያዩ ነበር።

አሁን እናቴ ከዚያ ፈረስ በቀር በሌላ አልቀመጥም ብላለች፤ እኔም ፈረስ መግዛቱን ትቼዋለሁ። ሰሞኑን ግን ጋሽ ቴዎፍሎስ መንገድ ላይ አስቆሙኝና "ዳባት አንድ ቦራ ፈረስ አለ አሉ። ሐሙስ ብለናቸው ረቡዕ እንሄዳለን" አሉኝ።

ጥለውኝ እንዳይሄዱ ሰግቼ ማክሰኞ በራቸው ላይ ተገኘሁ።