እትዬ ፕሮፌሰርና ቀዩ ብርሃን

ሐኪም የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ ሳይጠየቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ጎረቤት የሌለው ሰፈር ግን የለም።

የእኛው ባለማዕረግ በምንኖርበት ሕንፃ ሥር ልብስ የሚሰፉት ሴትዮ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ እትዬ ፕሮፌሰር እንላቸዋለን። ቅርም አይላቸው። ቀሚስ ላስጠብብ ገብቼ ስለ ጉበቴ ተነግሮኝ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ሱሪ ሊያሳጥር ሄዶ ጨው ተከልክሎ ተመለሰ። የፋርማሲው ባለሙያ እንኳ ቁልፍ ሊያስተክል ጎራ ብሎ ስለ ሳል ሽሮፕ ግማሽ ሰዓት ተምሯል። ሰው ሊከራከር አፉን ሲከፍት በከንፈራቸው የያዙትን መርፌ ያወጡና፣ “እኔን ጠይቁኝ!” ይላሉ። ማን ጠየቃቸው?

አምና አንድ ሆስፒታል ጥናት ጀመረ። ፈቃደኛ የሆነች ሴት ጡቷ ላይ ቀይ ብርሃን ይበራል፤ ምን ያህሉ እንዳለፈ መሣሪያው ያነባል፤ ከዚያ ጡቷ ውስጡ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ይገመታል። ጥቅጥቅ ያለ ጡት ለካንሰር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መርፌ የለ፣ ራጅ የለ።

ይህን የሰሙ ዕለት የስፌት መኪናቸው ሥራ ፈታ። ያገኙትን ሴት ሁሉ እጇን ይዘው፣ “የእጅ ባትሪ መዳፍሽ ላይ አብርተሽ አታውቂም? ቀይ ሆኖ አያልፍም? እሱው ነው! አይወጋሽ፣ አይጫንሽ! ማን ቶሎ መታየት እንዳለባት ይጠቁማል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ።

እኔንም ጎትተው ወሰዱኝ። ባለሙያዋ ክፍሉን አጨልማ፣ “ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አያምም” ብላ መሣሪያውን ጡቴ ላይ አሳረፈች። ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ ፕሮፌሰር፣ “ግራውንም እንዳትረሺ!” እያሉ ያዛሉ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ስወጣ ባለሙያዋን ቀስ ብዬ፣ “እሳቸው ሲመረመሩም እንዲህ አስቸገሩሽ?” አልኳት።

“እሳቸውማ ተመርምረው አያውቁም” አለችኝ። “ሠላሳ አንድ ሴት አምጥተውልናል፤ ‘እርስዎስ?’ ስንላቸው ግን ጉዳይ አለብኝ ብለው ይሄዳሉ።”

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው። “እትዬ፣ እርስዎ ለምን አልገቡም?”

ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። በመጨረሻ፣ “እናቴም እህቴም በዚሁ ነው የሄዱት” አሉ። “ሁለቱንም ያስታመምኩ እኔ ነኝ። እኔ ላይ ምን እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ ባልሰማው ይሻለኛል።”

የሰፈሩን ሴት ሁሉ ከፊት አስቀድመው እሳቸው ከኋላ ተደብቀው ኖረዋል። እጃቸውን ያዝኩ።

“ብርሃኑ እኮ ካንሰር አለ፣ የለም አይልም” አልኳቸው። “ማን ቶሎ መታየት እንዳለባት ነው የሚጠቁመው።”

“ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?”

“እርስዎ!”

ገቡ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድም ቃል አልተሰማም።

ጡታቸው በጣም ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የእናትና የእህታቸው ታሪክ ሲጨመርበት ወዲያው ወደ ራጅ ላኳቸው። ራጁ ምስር የምታህል እብጠት አሳየ። ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ነው። ሐኪሙ ግን፣ “ገና ጅምር ነው እናቴ፣ ደርሰንበታል” አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው።

በማግሥቱ ልጠይቃቸው ስገባ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ፋሻውን እየመለሰ ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ድምፃቸው በጭንቅ ይወጣል።

“ልጄ፣ እጅህስ ጥሩ ነው” አሉት። “ክሩን ግን ትንሽ አጠበቅከው።”

ሐኪሙ ከልቡ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንባዬን ካዩ እኮ ለዓይኔ ጠብታ ያዝዙልኛል። ይዘዙ! ዕድሜ ይስጣቸውና ይዘዙ!