የደሞዝ ጣሪያ ጠባቂው

ክለቡ ሳያውቅ ክለቡን የሚያስተዳድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ አንድ አውቃለሁ። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ የሐበሻ ምግብ ቤት አላቸው። ሊጉ ተዘግቶ ተጫዋቾቹ እረፍት ሲወጡ የእሳቸው ሥራ ይጀምራል። ለሚደግፉት የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ የደሞዝ ጣሪያ አውጥተውለታል። ክለቡ ይህን አልሰማም፤ እኛ ደንበኞቻቸው ግን ምሳ በበላን ቁጥር እንሰማለን።

አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ የክለቡ አጥቂ ደሞዝ ካልተጨመረልኝ እለቃለሁ አለ። በዚያው ሰሞን ክትፎ የምትሠራልን የቤቱ ምግብ አብሳይ ሙሉ፣ ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር የተሻለ ደሞዝ አገኘች ተባለ። ጋሽ ታደሰ እንቅልፍ አጡ፤ በአጥቂው ማለቴ ነው። እኛስ? በዚያ የመንገድ መጨናነቅ ለምሳ ዌስትላንድስ ደርሶ መመለስ የሚታሰብ ነው?

«ጣሪያው አይነካም» አሉ፤ ለሁለቱም ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ቴሌቪዥኑ አጥቂው በድሮው ደሞዝ መፈረሙን ተናገረ። ጋሽ ታደሰ ላባቸውን ጠረጉ።

«ተገላገልን። ስንት ገንዘብ እንዳተረፍን ታውቃላችሁ? የዛሬው ሒሳብ በእኔ ነው።»

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከገንዘብ መቀበያው ቀና አሉ። «ካተረፍንማ ለሙሉ ጨምርላታ።»

ጋሽ ታደሰ እኛን አዩ፤ እኛ ትሪያችንን አየን። አተረፍን ያሉት በሰው ፊት ነው፤ ምን ይበሉ? ጨመሩላት።

አጥቂው በዚያ ዓመት አንድም ጎል አላገባም። እኔ ቅር አላለኝም፤ ሙሉን እዚሁ ኪሊማኒ ያስቀረልን ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?