አሥራ አንድ ካባ ለአንድ መልሶ ግንባታ

ታላላቅ ውሳኔዎች በየቀኑ አይወለዱም። በእስያ መሃል፣ በፌርጋና ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ ለክብሯ ስንል ስሟን የማንጠራት አንዲት ከተማ ግን አንዱ ሲወለድ በዓይኗ ለማየት ታድላለች። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ማክሰኞ፣ ቦታው የጥጥ ዘይት ፋብሪካው የስብሰባ አዳራሽ ነበር። የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ በሁለተኛው ሊግ ከአሥራ አራት ቡድኖች አሥራ ሦስተኛ በመውጣት ዓመቱን በስኬት አጠናቋል፤ አሥራ አራተኛው ቡድን በመሃል ፈርሶ ነበር። ክለቡ ይህን ድል ተከትሎ ራሱን ከመሠረቱ መልሶ ለመገንባት ተሰበሰበ።

መድረኩን የያዙት ሚርቫሊ ቱርሱኖቪች ናቸው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና የክለቡ ሊቀ መንበር። በሕይወታቸው ኳስ ነክተው አያውቁም፤ በዚህም የተነሣ ስለ ኳስ ሲናገሩ ከማንኛውም ወገንተኝነት ነፃ ናቸው።

«የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣» አሉ፣ «ከእንግዲህ ከሊጉ ላለመውረድ የምንጸልይ ሕዝብ አይደለንም። ራዕያችን ሰፍቷል፤ ተልዕኳችን ጠርቷል፤ አቅጣጫ ተቀምጧል። የዛሬ አምስት ዓመት የእስያ ዋንጫ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሳሞቫር ካለበት ጥግ ይቆማል!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። የሻይ ማፍያው ሳሞቫር በዚያው ዕለት ከቦታው ተነሣ፤ ለዋንጫው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን እንዲሠራም ለአናጢ ታዘዘ። ከመልሶ ግንባታው ሥራዎች ሁሉ በተያዘለት ጊዜ የተጠናቀቀው ይኸው ቁም ሣጥን ነው።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠው አሠልጣኝ ሆሺምጆን እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለቱን የፈጀው በዚህ ክለብ ነው። አጥቂውና አምበሉ አብዱቃሆር ሠላሳ ዘጠኝ ደፍኗል፤ የግራ ተከላካዩ አርባ አንድ፤ በረኛው ደግሞ ባለፈው ጸደይ አያት ሆኗል። ሆሺምጆን ከዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የሚሮጥ ቡድን ማሠልጠን። ኪሱ ውስጥ ባለች ደብተር ላይ ከየገጠሩ የለቀማቸው የስምንት ወጣቶች ስም ተጽፏል። ሁሉም ይሮጣሉ። ሌላ ምን እንደሚችሉ ገና አላጣራም፣ ግን ይሮጣሉ።

ነባሮቹን ተጫዋቾች አሰናብቶ በወጣት የመተካቱ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ሊጸድቅ ሲል ከምድጃው አጠገብ አንድ እጅ ተነሣ። ሶቢር ኦታ፣ ማለትም አባ ሶቢር፣ ናቸው፤ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ የክለቡ አንጋፋ ደጋፊ፣ ሜዳው ገና የሐብሐብ ማሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከቦታው ጠፍተው የማያውቁ።

«ይሁን፣ ነባሮቹ ይሰናበቱ፣» አሉ ሽማግሌው። «ግን በክብር ይሁን።»

«በክብር!» አለ አዳራሹ።

ሆሺምጆን ራሱ ተነሥቶ አጨበጨበ። በማግስቱ ግን ነገሩን አሰላስሎ ወደ ሊቀ መንበሩ ቢሮ ሄደ።

«ሚርቫሊ ቱርሱኖቪች፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ብንሸኛቸውስ? ሥራው ቶሎ ይጀመር ነበር።»

«ምን ነካህ ሆሺምጆን? የበግ መንጋ ናቸው እንዴ? ልጅህን ስትድር ከጎረቤት ልጅ ጋር በአንድ ድስት ደገስክ?»

«አልደገስኩም።»

«እንግዲያው! ለእያንዳንዱ የራሱ ኦሽ፣ የራሱ ካባ!»

የመጀመሪያው ተሸኚ አምበሉ አብዱቃሆር ነበር። ሐሙስ ማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት፣ አራት መቶ ወንድ በፋብሪካው ግቢ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀመጠ። የኦሹ ሩዝ ከካሮቱና ከበግ ሥጋው ጋር ከትልቁ ብረት ድስት እየተዛቀ ወጣ። ሊቀ መንበሩ የአምበሉን የሕይወት ታሪክ አነበቡ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገባቸው ጎሎች አንድ በአንድ ሲዘረዘሩ ሩዙ ለመብረድ እንኳን ጊዜ አላገኘም። ከዚያም በጥጥ የተሞላው፣ ጠርዙ በወርቅ ክር የተጠለፈው የክብር ካባ ትከሻው ላይ አረፈ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ሶቢር ኦታ ግን በደንብ ያደጉ ሰው ናቸው። ካባ ለብሶ የሚሄድን ሰው ዝም ብሎ መሸኘት «ገላገልከን» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ለወጉ ያህል አንገታቸውን አስግገው፣

«ልጄ፣ መሄድህ ነው? አንድ ዓመት ብትጨምርልን ምናለበት?» አሉ።

አብዱቃሆርም በደንብ ያደገ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አይ ኦታ፣ ይበቃኛል። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ይተዉኝ ኦታ፣ ለወጣቶቹ ቦታ ልልቀቅ።»

«በሞቴ አልኩህ እኮ!»

ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ግን የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌን ቃል በአራት መቶ ሰው ፊት መሬት መጣል ነው። አብዱቃሆር አሠልጣኙን ሰረቅ አድርጎ አየው፤ ከልቡ አዝኖለት ነበር።

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፤ ከቃልዎ አልወጣም።»

ግቢው በደስታ ጮኸ። ሆሺምጆን ማንኪያውን አስቀመጠ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላው ተሸኘ። በሚቀጥለውም ሌላው። በረኛው በሦስተኛው ልመና ተረታ፤ የግራ ተከላካዩ ችኩል ስለሆነ በሁለተኛው። ክረምቱ ሲያልቅ አሥራ አንዱም በክብር ተሰናብተው፣ አሥራ አንዱም ልምምድ ላይ ተገኝተዋል። ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ካባቸውን ለብሰው ነበር የሚሠሩት። ለክፍለ ሀገሩ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የተላከው ሪፖርት «ነባር ተጫዋቾችን የመሸኘት ተግባር መቶ በመቶ ተከናውኗል» ይላል። ተመልሰው ስለመምጣታቸው ማንም ስላልጠየቀ አልተጻፈም።

ስምንቱ ወጣቶችም ለሙከራ መጥተው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በዕድሜ ታናሾቹ እነሱ ስለሆኑ እንግዳ ያስታጥባሉ፣ ሻይ ያዞራሉ። በሌላው ቀን ይለማመዳሉ። ከሁሉም ፈጣኑ ኖርቦይ የሚባለው ነው። አንድ ቀን ኳሷን በክንፍ በኩል እየነዳ ከአርባ አንድ ዓመቱ ተከላካይ ጎን ደረሰ። በአንድ እርምጃ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሱ ግን ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ይለፉ አካ፣» አለ፤ ወንድም ጋሼ ማለቱ ነው።

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«ምን በወጣኝ! ይለፉ እንጂ።»

«ቅደመው!» ብሎ ጮኸ ሆሺምጆን ከመስመሩ ውጭ። «ኖርቦይ፣ ቅደመው እንጂ!»

ኖርቦይ ፊቱ ቀላ። «ታላቄን?» አለ።

ሁለቱ ሲገባበዙ ኳሷ ብቻዋን ከሜዳ ወጣች። በመጋቢት ወር ከወንዙ ማዶ ካለው ከተማ አንድ ሰው መጥቶ ስምንቱንም ይዟቸው ሄደ። የማዶው ክለብ ራዕይ የለውም፤ የዋንጫ ቁም ሣጥንም አላሠራም፤ ያለው አንድ ሚኒባስ ነው። እዚያ ተጫዋቾቹ ሁሉ እኩያሞች ስለሆኑ ማንም ለማንም መንገድ አይለቅም።

የውድድሩ ዘመን ተጀመረ። ክለባችን ስድስት ጊዜ ተጫውቶ ስድስት ጊዜ ተሸነፈ። ሊቀ መንበሩ ለከተማው ጋዜጣ በሰጡት መግለጫ ውጤቱ ከአምስት ዓመቱ ዕቅድ አንጻር ሲታይ ገና መጀመሪያ ላይ መሆኑን፣ ከመጀመሪያ ደግሞ ብዙ እንደማይጠበቅ አስረዱ። ጋዜጣው ቃላቸውን እንዳለ አወጣው። የማዶው ክለብ ያን ሳምንት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበር።

ከዚያ የሆሺምጆን ስልክ ጮኸ።

«አካ፣ ኖርቦይ ነኝ። አሠልጣኛችን ሊለቅ ነው። አለቆቹ እርስዎን ነው የሚፈልጉት፤ እሑድ መልስዎን ይጠብቃሉ። ይምጡልን እንጂ፣ እዚህ እንሮጣለን እኮ!»

ሆሺምጆን ስልኩን ዘጋ። ደስታም ንዴትም አንድ ላይ ያዘው፤ ሁለቱን መለየት አልቻለም። ለሊቀ መንበሩ እንደሚለቅ ነገራቸው። እሳቸውም በጣም አዘኑና ለቅዳሜ የመሸኛ ኦሽ አዘዙ።

ሚስቱ ሳኖባር ባሏን ታውቀዋለች።

«የዛሪፋ አባት፣» አለችው፣ «እርስዎ እኮ የሻይ ቤቱ አሳላፊ ‹ልጨምርልዎ?› ሲልዎ እምቢ ማለት አቅቶዎት ሰባት ሲኒ የሚጠጡ ሰው ነዎት።»

«ይሄ ሌላ ነው። ቆርጫለሁ።»

«እስቲ እንይ።» ቆቡን ከራሱ ላይ አንሥታ ራሷ ላይ ደፋች፤ የሊጥ መዳመጫውን እንደ ምርኩዝ ይዛ ጎበጥ አለች። «ልጄ፣ መሄድህ ነው? አንድ ዓመት ጨምርልን።»

«አይ ኦታ፣ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

«አይሆንም ኦታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በሞቴ አልኩህ እኮ ልጄ!»

«እንግዲህ ከቃልዎ...»

መዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ጓ አለ። «እንደገና! ከመጀመሪያው!»

አምስት ቀን እንዲህ ሠሩ። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። አርብ ላይ ሆሺምጆን ሦስተኛውን እምቢታ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይለው ጀመር። በዚያ ዓመት በከተማዋ ውስጥ ሠልጥኖ ለውጥ ያሳየ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ አሠልጣኟም ሳኖባር ናት።

ቅዳሜ ማለዳ ግቢው ሞላ። አሥራ አንዱ ነባሮች ለአሠልጣኛቸው ክብር ካባቸውን ለብሰው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ሩዙ ተበላ፤ ሻዩ ዞረ፤ ሊቀ መንበሩ ታሪኩን አነበቡ። ሶቢር ኦታ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ልጄ፣ መሄድህ ነው? አንድ ዓመት ብትጨምርልንስ?»

«አይ ኦታ፣ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

«አይሆንም ኦታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በሞቴ አልኩህ እኮ!»

አራት መቶ ሰው ሲኒውን አስቀምጦ ጠበቀ። ሆሺምጆን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አይሆንም ኦታ። እሄዳለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌው ሶቢር ኦታ፣ «በቃ ልቡ ቆርጧል። መንገዱን ያቅናለት፤ ካባውን አምጡ፣» አሉ። ካባው መጣ፤ ትከሻው ላይ አረፈ። ሆሺምጆን ነፃ ወጣ። ወንዙን፣ ሜዳውን፣ የሚሮጡትን ልጆች አሰበና ልቡ በደስታ ሞላ።

ይኼኔ አምበሉ አብዱቃሆር ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፣» አለ። «ሆሺምጆን አካ ከሄዱ እኛ ምን ልናደርግ እንቀራለን? እኛም ጫማችንን እንሰቅላለን። ተነሡ ወንድሞቼ።»

አሥሩም ተነሡ። በረኛው፣ የግራ ተከላካዩ፣ ሁሉም ካባቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ።

ሆሺምጆን አያቸው። ከኅዳር ጀምሮ የተመኘው ነገር ፊቱ ቆሟል። እነዚህ ከሄዱ የሚመጣው አሠልጣኝ የግድ ወጣቶችን ያሰልፋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበት ክለብም ይነሣል። እሱም ማዶ ተሻግሮ የራሱን ልጆች ያሠለጥናል። ለዚህ ሁሉ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ጉርሻ ለመዋጥ ለሚበቃ ጊዜ አፉን ዘግቶ መቆየት። ሳኖባር እንዴት እምቢ እንደሚባል አስተምራዋለች። እንዴት ዝም እንደሚባል ግን አላስተማረችውም። አሥራ አንድ ሰው በእሱ ምክንያት ከግብዣ ላይ ተነሥቶ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ደግሞ ከእናቱ ቤት ያልተማረው ነውር ነው።

«ኧረ በሞቴ!» አለ አፉ። «የት ትሄዳላችሁ? ተቀመጡ እንጂ! አንድ ዓመት ጨምሩ!»

አብዱቃሆር አንድም ጊዜ እምቢ አላለም።

«እርስዎ ካሉማ፣» አለ፤ አሥራ አንዱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። በዚያ የውድድር ዘመን ቡድኑ በኅብረት ያደረገው የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ይህ ነው።

ሶቢር ኦታ ምርኩዛቸውን አነሡ። «እንዴት ነው ነገሩ? እነሱን ቆዩ ብለህ አስቀምጠህ አንተ ልትሄድ? ይሄስ ከጨዋ ልጅ አይጠበቅም።»

ለዚህኛው ሆሺምጆን አልተለማመደም። ሊቀ መንበሩ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ግቢው ተከተላቸው። ጸሐፊው እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ «የመልሶ ግንባታው ሁለተኛ ምዕራፍ የአሠልጣኙን ሽኝት በማካተት በስኬት ተጠናቋል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ሁለተኛ ዙር ሻይ መጣ።

ሆሺምጆን ፀሐይ ከረር ሲል ካባውን እንደለበሰ ቤቱ ደረሰ። ሳኖባር ፊሽካውንና ጫማውን በሻንጣ ከታ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ካባውን አየች፤ ፊቱን አየች።

«ሦስቱን እምቢታ አላሉም?»

«ብያለሁ። ሦስቱንም ብያለሁ። ካባ አልብሰው መርቀው ሸኙኝ።»

«ታዲያ ምን ሆኑ? ደግሞ ማን ለመነዎት?»

ሆሺምጆን ሻንጣውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቤት ይዞት ገባ።

«እኔ ነኝ የለመንኳቸው፣» አለ።