ቀትር የማታውቀዋ በጎ ፈቃደኛ

የልጅ ልጆቼ "የቤዛን ነገር ንገሪን" እያሉ መቀመጫ ነሱኝ፤ እሺ ልንገራችሁ። ለመሆኑ በጎ ፈቃደኛ የሚባል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እሱ ዕረፍት ሲሰጠው ሌላው ሰው ዕረፍት ያጣል።

ቤዛ ያኔ አዲስ አበባ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ነበረች። ትምህርት ሲዘጋ በባቡር መጥታ እኛ ጋ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈራችን አረፈች። በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን አርብ አርብ መሬት ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ ነበርና፣ ለመጪው አርብ አግዳሚ ወንበር ሠርታ ልታደርስላቸው ቆረጠች። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ እኔም እኮ ከእነሱ ጋር ልቆጥር ነው።

ጅቡቲ ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ፍየሏ እንኳ ጥላ ፈልጋ ትጋደማለች። የእኛ ቤዛ ግን መዶሻዋን ይዛ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እንግዳ እየለፋ መተኛት ነውር አይደል? ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሐጂ፣ የድሬዳዋው ነጋዴ፣ በሽርጡ ብቅ አለ።

"አንቺ እማማ፣ ይቺ ልጅ አትተኛም እንዴ?"

"ለእኛ ብላ የምትለፋን ልጅ እንዴት ተይ ልበላት?"

"እንግዲያው እናግዛት፤ ቶሎ ያልቅና እንተኛለን" አለና መጋዙን አነሳ። ሰፈሩ እያዛጋ ተከተለው። ቤዛ ለጓደኛዋ በስልክ "የዚህ አገር ሰው ሥራ ሲወድ" ስትል ሰማኋት።

ወንበሮቹ ለአርብ ደረሱ፤ እኔም ከፊት ተቀመጥኩ።

ከዓመታት በኋላ ቤዛ ልጇን አዝላ ልትጠይቀኝ መጣች። "እማማ፣ ያኔ እኮ እንቅልፍ ሊገድለኝ ነበር" አለችኝ። "ግን እርስዎ ደጃፍ ቁጭ ብለው እያዩኝ እንዴት ልተኛ?"